ሳንቲም ለቀማውን አትናቁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። ሞባይል እጠግናለሁ፣ የሁለት ልጆች አባትም ነኝ። ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ኳስ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ፊልም አነባለሁ። ጌም ሲነሳ ግን ወሬው አንድ ብቻ ነው፦ ልጆችን ከትምህርት አዘናጋ። ሱቄ የሚመጡ ወላጆችም የሚሉት ይህንኑ ነው። በቀደም አንዲት እናት ስልካቸውን ሊያሠሩ መጥተው ስለ ልጃቸው ሲያወሩኝ፣ «ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሲለቅም ይውላል፣ ያውም የማይበላ ሳንቲም» አሉኝ። አነጋገራቸው ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። እኔ ደግሞ ስለዚያች ሳንቲም ብዙ የምለው አለኝ።

የማወራው ስለ ሱፐር ማሪዮ ነው፣ ማሪዮ የሚባለው ሰውዬ እየሮጠና እየዘለለ ሳንቲም ስለሚለቅምባቸው ጌሞች። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ካሴት እየነፋን የተጫወትነው ነው። 100 ሳንቲም ስትለቅም አንድ ነፍስ ይጨመርልሃል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሳንቲሞቹ የተቀመጡበትን ቦታ ነው። የ6 ዓመቷ ልጄ ገና ማንበብ አትችልም። ባለፈው ሳምንት ከማሪዮ ጌሞች አንዱን፣ ማሪዮ ኦዲሲን፣ ስትጫወት አንድ ገደል አፋፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ከገደሉ በላይ ሳንቲሞች ጎበጥ ብለው አየር ላይ ተደርድረዋል። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ቴሌቪዥኑን በጣቷ ከአንዱ ሳንቲም ወደ ሌላው እየነካች ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ዘለለች። ተሻገረች! ማንም «እዚህ ጋ ዝለይ» አላላትም። ጌሙን የሠራው ሰው በሳንቲም ነገራት። ፊደል የማያውቅ ልጅ የሚያነበው ጽሑፍ ማለት ይሄ ነው።

ሶኒክ የሚባለው ሌላ ጌም ላይ ደግሞ የምትለቅመው ቀለበት ነው፣ ለቀማውም ሌላ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒክ ላይ አንድ ቀለበት እንኳ በእጅህ ካለ ጠላት ቢመታህም አትሞትም፣ ቀለበቶችህ ይበተናሉ፣ አንተ ተሯሩጠህ የቻልከውን ታነሳለህ።

እኔ ያደግኩት ቢቸና አካባቢ ነው። ስንዴ ታጭዶ ነዶው ከተነሳ በኋላ እኛ ልጆች ቃርሚያ እንለቅም ነበር። ከቃርሚያው ያገኘሁት እፍኝ ስንዴ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ማሳው ግን ትዝ ይለኛል። የትኛው ጥግ ላይ አጫጆቹ ቸኩለው እንደሚያልፉ፣ የትኛው ቦይ ዛላ እንደሚደብቅ፣ የትኛው ድንበር ላይ እሾህ እንዳለ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ያን ማሳ ያወቅኩት ለቅሜ ነው።

ሱፐር ማሪዮ 64ን የምወደውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። እዚያ ዋናው የሚሰበሰበው ኮከብ ነው፣ በጠቅላላው 120። ጌሙ ውስጥ ካለው ቤተ መንግሥት ተነስተህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ባሉት ሥዕሎች እየዘለልክ፣ የምትገባባቸው 15 ዓለሞች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 7 ኮከብ ይዘዋል። የቀሩት 15ቱ እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሸሽገዋል። አንድ ኮከብ ስታነሳ ብዙውን ጊዜ ጌሙ ከዚያ ዓለም ያስወጣህና እንደገና ትገባለህ። ያው ተራራ ነው፣ ያው ድልድይ ነው። የምትፈልገው ነገር ግን ሌላ ስለሆነ ትናንት ሮጠህ ያለፍከውን ገደል ዛሬ ቆመህ ታየዋለህ። ሰባት ጊዜ ተመላልሰህበት እንደ መንደርህ ታውቀዋለህ።

ደግሞ 120ውን ሁሉ ልቀም አይልህም። የመጨረሻው ደረጃ የሚከፈተው በ70 ኮከብ ነው። አንዱ ከከበደህ ትተኸው ወደ ሌላው ትሄዳለህ። የ10 ዓመቱ ልጄ በሒሳብ አንድ ጥያቄ ሲከብደው ደብተሩን ወርውሮ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። እዚህ ጌም ላይ ግን «ይቺን ቆይቼ እመለስባታለሁ» ማለት ጀመረ። ሰሞኑን ይህንኑ ቃል በሒሳብ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ለራሱ ሲለው ሰማሁት።

ይሄን ስል ለቀማ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያው ማሪዮ ቤት ውስጥ ያበዙት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ሰንሻይን ላይ 240 ሰማያዊ ሳንቲሞች ተበትነዋል፣ አሥር አሥሩን ወስደህ በአንድ ሻይን፣ ማለትም በዚያ ጌም እንደ ኮከብ በሚሰበሰበው ነገር፣ ትለውጣለህ። በየቦታው ስንት እንዳገኘህ ይነግርሃል፣ የትኛው እንደቀረህ ግን አይነግርህም። ግድግዳ ለግድግዳ ውኃ እየረጩ መዋል ነው፣ ይሄ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኦዲሲ ላይም በኮከብ ፋንታ የሚለቀሙት ጨረቃዎች በጣም በዝተዋል። አንዳንዱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ትለፋለህ፣ አንዳንዱ ደግሞ መሬቱን አንዴ ደለቅ ስታደርገው ዱብ ይላል። ሁለቱም እኩል አንድ ተብለው ሲቆጠሩ ልፋቱ ዋጋ ያጣል። የኦዲሲን ሐምራዊ ሳንቲሞች ግን እወዳቸዋለሁ፤ በየአገሩ ቅርጻቸው ይለያያል፣ የአንዱ አገር ሳንቲም ሌላው አገር አይሠራም።

የሚያሳስበኝ ስልክ ላይ ያለው ነው። ብዙዎቹ የስልክ ጌሞች ሳንቲሙን በእውነተኛ ብር ይሸጡልሃል። ያኔ ሳንቲሙ መንገድ ማሳየቱን ይተውና እጅህን ወደ ኪስህ ይወስደዋል። ያቺ እናት ስጋታቸው ይሄ ከነበረ ልክ ናቸው። ግን ሁለቱን ለይተን እናውራ። «ጌም» ብለን በአንድ ከረጢት ከጨመርናቸው ልጁ የሚለቅመው የትኛውን እንደሆነ አናውቅም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ስለ ፊልም እንደምትጽፉ ስለ ጌምም ጻፉልን፤ እንዴት እንደተሠራ፣ ለምን እንዲያ እንደተሠራ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ሱቄ እየመጡ ጌም መሥራት መማር እንደሚፈልጉ የሚነግሩኝ ልጆች አሉ። በአማርኛ የሚያነቡት ቢያገኙ ደስ ይለኛል።

የ10 ዓመቱ ልጄ አሁን ማሪዮ 64 ላይ 58 ኮከብ ደርሷል። የሰዓቱ ዓለም ውስጥ ተይዟል። ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ዘልለህ ስትገባ ረጅሙ ቆጣሪ 12 ላይ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቀጥ ይላል። ይህን ራሱ ነው የደረሰበት። ትናንት ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሰዓቱ ፊት ቆሞ 12ን ሲጠብቅ ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከፍኖተ ሰላም