ከውሃው ጀምረን ወደ ላይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ድምፅሽ ናፍቋታልና ደውይላት።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሜሪላንድ ዋና ከተማ ስለ አናፖሊስ ነው። ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ስንቱን መንገደኛ እዚያ አድርሻለሁ። የባሕር ኃይል አካዳሚው በር ላይ አውርጄ ወዲያው እዞር ነበር። አንቺንም ልጅ ሳለሽ ወስጄሽ ነበር። ከመኪና ሳንወርድ ጀልባዎቹን አሳየሁሽና በአውራ ጎዳናው በሩት 50 ተመለስን። ያ ጥድፊያዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን መኪናዬን ላይኛው ከተማ አቁሜ በእግሬ ገባሁ።

ከተማዋ ሁለት አደባባይ አላት። በአንዱ መሐል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው መሐል የሜሪላንድ ምክር ቤት። ጎዳናዎቹ ከእነሱ እየተነሱ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጎንደር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

መታወቂያ አሳይቼ ምክር ቤቱ ገባሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1783 ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን ያስረከበባት ክፍል አለች። ጦርነቱን አሸንፏል፣ ሠራዊቱ በእጁ ነው፤ ሥልጣኑን መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሥልጣን በደም ሲለዋወጥ ያየሁ ሰው ነኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ብዙ ቆምኩ።

ውጭ ደግሞ የተርጉድ ማርሻል ሐውልት አለ፣ ገና ወጣት ጠበቃ ሳለ። አጠገቡ አግዳሚ ላይ የተቀረጸው ዶናልድ መሬይ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር ነህ ብሎ መልሶት ነበር። በ1930ዎቹ ማርሻል ተከራክሮ ረታለትና ገባ። አንቺ ሕግ ልትማሪ ከሄድሽ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከመሬይ ጎን ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሜይን ስትሪትን ወረድኩ። መንገዱ ሸክላ ጡብ ነው። ቤቶቹ ያረጁ፣ ጠባብ፣ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። ውሃው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ይልና በየእርምጃው እየሰፋ ይመጣል። መኪና ውስጥ ሆኜ ይህን አይቼው አላውቅም፤ የማየው የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት ነበር። ታች ስደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መንገዱ ዳር ውሃ ተኝቷል። ዝናብ አይደለም። ባሕሩ ሲሞላ በፍሳሽ ቱቦው በኩል ወደ ላይ ይመጣል።

ወደቡ ዳር «ሩትስ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው አሌክስ ሄሊ በነሐስ ተቀምጧል። መጽሐፍ ይዞ ለሦስት ልጆች ያነብላቸዋል። በ1767 ሎርድ ሊጎኒየር የሚባል መርከብ ከጋምቢያ ወንዝ በባርነት የጫናቸውን ሰዎች እዚህ አራግፏል። ሄሊ የዘሬ ምንጭ ነው ያለው ኩንታ ኪንቴ ከእነሱ ጋር እንደነበር ጽፏል። ስሙን ገና አገር ቤት ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። አረፈበት የተባለው ወደብ ግን እኔ ስንት ዓመት ሰው የማወርድበት ቦታ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጄ፣ እንባዬ መጣ።

ዳገቱን ስመለስ ጉልበቴን ስላመመኝ ቀስ እያልኩ ነው። ለካ ቁልቁል መምጣቴ ስህተት ኖሯል። መርከቡ የመጣው በ1767 ነው። ማርሻል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው በ1967 ነው። ሁለት መቶ ዓመት። ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው ግን በእኔ እግር እንኳ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ለገና ስትመጪ አብረን እንሄዳለን። መኪናዬን ታች አቆምና ከውሃው ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን። ጡቡ ወጣ ገባ ነውና ተረከዝ የሌለው ጫማ ያዢ።

የሚወድሽ አባትሽ