እማዬ፣ ሬዲዮው አልሞተም

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገልሽ? ያ የታዘዘልሽ ቅባት ካልረዳሽ «ይተወኛል» እያልሽ አትቀመጪ፣ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሺ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሀዋሳ ዝናቡ ገብቷል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ጭቃ ለብሰው ነው።

የመኪናሽን ሬዲዮ ጉዳይ በስልክ ልንጨርሰው አልቻልንም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ መስመሩ ደህና ሲሆን ደግሞ አንቺ «ቆይ፣ ቡናው ሊገነፍል ነው» ትያለሽ። በመጨረሻ «በወረቀት ጻፊልኝ፣ ከመሳቢያው አስቀምጬ እያየሁ እሞክረዋለሁ» አልሽኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ። እንዳታማርሪ ሰፋ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ያ ሱቅ ያለው ሰውዬ «ይሄ አልቆለታል፣ በትልቅ ስክሪን ይቀየር» ያለሽን ለጊዜው እርሺው። በመስኮት አጎንብሶ አየት አድርጎ ነው የፈረደው። የሞተ ሬዲዮ መብራት የለውም። ያንቺው ይበራል፣ ሰዓት ያሳያል፣ ቁልፉን ስትነኪው ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል፣ «ሽሽሽ» የሚለውም ድምፅ ከፊትም ከኋላም ይሰማል። በስልክ ያሰማሽኝ እሱን ነው። ያ ሽሽታ ለእኔ መልካም ዜና ነው፤ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ ድምፅ ማጉያው ይሠራል፣ ስፒከሮቹም ደህና ናቸው ማለት ነው። የጠፋው ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያ ደግሞ ከሬዲዮው ውጭ ባለ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም በርካሽ ምክንያት።

አሁን አንድ ነገር አስታውሺ። ሬዲዮው ዝም ያለው መቼ ነው? ራስሽ እንደነገርሽኝ ባትሪው ከተቀየረ ወዲህ ነው። እኔን ያነቃኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን ወደ ጃፓን ደርሰን መመለስ አለብን። ለጂኦግራፊ መምህርት ሩቅ መንገድ አይመስለኝም።

ቪትዝሽ የተሠራችው ለጃፓን መንገድ ነው። ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮላት ወደ እኛ መጣች፤ ሬዲዮዋን ግን ማንም አላዞረላትም። በጃፓን ለኤፍኤም ሬዲዮ ተመድቦ የነበረው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ያለው ብቻ ነበር፤ ከ90 እስከ 108 ያለውን የቴሌቪዥን ቻናሎች ይዘውት ነበር። የድሮው ቴሌቪዥን በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ከተዘጋ በኋላ ነው ሬዲዮ እስከ 95 ከፍ እንዲል የተፈቀደለት። መኪናሽ ከዚያ ትቀድማለች። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ እንደ አብዛኛው ዓለም ከ88 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፤ ሁሉም ካንቺ ሬዲዮ ጣሪያ በላይ ናቸው። ሬዲዮው 90 ላይ ይቆማልና ቢፈልግም አይደርስባቸውም።

ታዲያ እስካሁን እንዴት ስትሰሚ ኖርሽ? ሬዲዮው ከተገጠመበት ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው መካከል፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ነገር ተሰክታለች። ባንድ ኤክስፓንደር ይሏታል። ሥራዋ ከአንቴናው የሚመጣውን ሞገድ ተቀብላ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ አድርጋ ለሬዲዮው ማቀበል ነው። ያንቺዋ በ14 ታወርዳለች። ይህን የማውቀው ሳጥኗን አይቼ አይደለም፤ «ሰዎቹ 102.1 እያሉ ይጠራሉ፣ የእኔ መኪና ለምን 88.1 ትላለች?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ስለነበር ነው። ከ102.1 ላይ 14 ሲቀነስ 88.1 ነው። በዚሁ ስሌት ፋና 84.1 ላይ፣ ኤፍኤም አዲስ 83.1 ላይ፣ የአዲስ አበባው 96.3 ደግሞ 82.3 ላይ ይገኛሉ። እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጻፊያቸውና ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፊያቸው።

ወደ ባትሪው እንመለስ። ባትሪ ሲነቀል ሬዲዮው በቁልፎቹ ላይ የተያዘለትን ጣቢያ ሁሉ ይረሳል። ሲመለስ ከመጀመሪያው ቁጥር፣ ከ76.0 ይነሳል። አንቺም አንድ ቁጥርን ተጫንሽ፣ ሸገር የለም፤ ሁለት ቁጥርን ተጫንሽ፣ ፋና የለም። ከዚያ 102.1ን ፍለጋ ወደ ላይ ስትወጪ «90 ሲደርስ ተመልሶ 76 ይልብኛል፣ አብዷል» አልሽኝ። አላበደም እማዬ፤ ጣሪያውን ነክቶ እየተመለሰ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይፈታ፣ ማንም ሳይጠራ፣ ቁጥሩን በእጅሽ እየገፋሽ 88.1 ላይ አቁሚው። በራሱ እንዲፈልግ አትተዪው፤ ደከም ያለ ጣቢያ ላይ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል። ድምፅ ከመጣ አንድ ቁጥርን «ጢጥ» እስኪል ድረስ ተጭነሽ ያዢው፣ ይመዘገባል። ነገሩ እዚህ ላይ ካለቀ የቀረውን ደብዳቤ ማንበብ አያስፈልግሽም፤ ግን እንደማታቋርጪው አውቃለሁ።

88.1 ላይም ሽሽታ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ የምታደርጊው ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የስልክ ቻርጀሩን መንቀል ነው። አትሳቂ። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ያለው ነገር በጣም በፍጥነት ሲበራና ሲጠፋ የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ ሬዲዮው አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣውን ጣቢያ ይውጠዋል። ነቅለሽው ሽሽታው ከቀነሰ ወይም ጣቢያው ብቅ ካለ ጥፋተኛው ተያዘ ማለት ነው። ከመለኮሻው ሳንወጣ ሌላም ልንገርሽ፤ ሳንቲም ከአጠገቡ አታስቀምጪ። ትንሽ ሳንቲም ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ሁለቱን ጫፎች ያገናኝና ፊውዙን ያቃጥላል። መለኮሻውና ሬዲዮው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት።

ከዚያ ውረጂና ጣሪያዋን እይ። አንቴናዋ አለች? ጠብቃ ታስራለች? መኪና አጣቢ ልጆች ብሩሻቸውን እንዳትይዝባቸው ፈትተው መልሰው ማሰሩን ይረሳሉ፣ ወይም ግማሽ ዙር ብቻ ያዞሯታል። በእጅሽ ወደ ቀኝ አጥብቂያት፤ ፒንሳ አያስፈልግም፣ አንገቷን ይሰብራል። ሥሯ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካየሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው።

አንቴናዋ ደህና ከመሰለች አሁን የምወደው ፈተና ይመጣል። ሬዲዮውን ወደ ኤኤም ቀይሪውና በመካከለኛ ሞገድ የሚያሰራጭ ጣቢያ ፈልጊ። በኤኤም በኩል ጃፓንና እኛ አልተለያየንም፤ እነሱም እኛም በዘጠኝ ዘጠኝ ኪሎ ኸርዝ እየዘለልን ነው የምንቆጥረው፤ ስለዚህ ማንም ምንም መቀነስ አይጠበቅበትም። እዚያ የሰው ድምፅ ከሰማሽ፣ ቢያጉረመርምም፣ አንቴናውና ገመዱ ደህና ናቸው። ያን ጊዜ የቀረችው ተጠርጣሪ ያቺ ትንሽ ሳጥን ብቻ ናት። ኤኤምም ፍጹም ዝም ካለ ግን ገመዱ አንድ ቦታ ተነቅሏል ወይም ተቆርጧል ብለሽ ያዢ። አባዬ ማታ ማታ ዶይቼ ቬለን ፍለጋ አጭር ሞገድን ሲቆነጥር፣ ሽሽታውንና ፉጨቱን አልፎ ጣቢያውን ሲይዝ ፊቱ እንዴት ይበራ እንደነበር ትዝ ይልሻል? አንቺ ግን ሽሽታ ሲመጣ ወዲያው ትዘጊዋለሽ። ለዚህ ሥራ ትንሽ የእሱን ትዕግሥት ተበደሪ።

ስለ ሳጥኗ የማስበውን ልንገርሽ። ሬዲዮው ቢበራም እሷ የራሷን ኤሌክትሪክ ካላገኘች ሞገዱን አታወርድም። ኤሌክትሪኳን የምታገኘው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነው። የመኪናሽ መሪ ሲዞር ከክሩስኮቱ ጀርባ ያሉት ሽቦዎች አብረው ከወዲያ ወዲህ ተስበዋል፣ ተቀጥለዋል፣ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ሙጫው ይለቃል፣ በጉድጓድ መንገድ ላይ ሽቦው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ይላቀቃል። ወይም ባትሪውን የቀየረው ልጅ ፖዘቲቩንና ነጋቲቩን ለቅጽበት አገላብጦ አስነክቶ ከሆነ ሳጥኗ ተቃጥላ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይከፈት አይታወቅም፤ ይህን ደግሞ አንቺ አትሞክሪው። ክሩስኮቱ በፕላስቲክ ጥርስ የተያያዘ ስለሆነ ያለ ልምድ ሲጎተት ይሰበራል።

ሠፈርሽ ያለውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪው፤ ያን መብራቶቹን የጠገነልሽን፣ ዝም ብሎ የሚሠራውን። ሲመጣ «ሬዲዮው አልሠራም አለ» አትበዪው፣ እንደዚያ ካልሽው እሱም ስለ አዲስ ሬዲዮ ማሰብ ይጀምራል። «ኤኤም ይሠራል፣ ኤፍኤም የለም፣ ኤክስፓንደሩ መብራት ማግኘቱን በቴስተር እይልኝ» በዪው። ሬዲዮው በርቶ እያለ በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ 12 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት። ከሌለ ሽቦው ነው፤ ይቀጥልና በደንብ ይሸፍነው። ካለ ሳጥኗ ነች፤ ትቀየር። ዋጋዋ ከስክሪኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስትገዢ ግን በላይዋ የተጻፈውን ቁጥር ሳታዪ እንዳትከፍዪ። 14 የምትል መሆን አለባት። በ12 የምታወርድ ከሰጡሽ ሸገር 90.1 ላይ ያርፋል፣ ሬዲዮሽ ደግሞ 90.0 ላይ ያበቃል፤ ያኔ ሌላው ሁሉ ሠርቶ የምትወጂው ጣቢያ ብቻ ያመልጥሻል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ሊልሽ ይችላል። አንድ አይደለም።

አንድ ቀን ደግሞ መብራቱም ጭምር ከጠፋ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ ፊውዝ ታያለሽ። መለኮሻው ስልክ ካልሞላ አንዱ ፊውዝ፣ የጣሪያው የውስጥ መብራት ካልበራ ሌላው ፊውዝ ነው የተጠረጠረው፤ የትኛው የት እንዳለ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተሥሏል። ቀይዋ 10 አምፔር፣ ሰማያዊዋ 15፣ ቢጫዋ 20 ናት። የተቃጠለችውን በራሷ ቀለም ተኪያት። ማንም ሰው ከፍ ያለ አምፔር ቢያስገባልሽ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ቢሰካልሽ «ለጊዜው ይሁን» ብለሽ እንዳትቀበዪ። ፊውዟ የምትቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ እሷን ካታለልሻት እሳቱ ወደ መኪናው ይሄዳል።

ስክሪኑን የምቃወመው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። አሁን ያለው ሬዲዮ ቁልፍ አለው፤ እጅሽ ሳይታይ ያገኘዋል። ስክሪኑ ለስላሳ መስታወት ነው፣ ጣቢያ ለመቀየር ዓይንሽን ከመንገዱ ላይ ማንሳት ይኖርብሻል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሚኒባሶቹ ከግራም ከቀኝም ሲገቡብሽ ያንን አልፈልግም። ሱቁ ያሳየሽ ስክሪን ፊልም የሚያሳይ መሆኑን እንደ ጥቅም ነው ያወራሽው፤ እኔ እንደ ጉድለት ነው የሰማሁት።

ደግሞ ጥገናው አልቆ ደብረ ሊባኖስ ስትሄጂ መንገድ ላይ ቢጠፋብሽ «ተበላሸ» ብለሽ አትደውዪልኝ። ኤፍኤም ቀጥታ ተጓዥ ነው፤ ርቀትና ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ወደ ከተማ ስትመለሺ ይመለሳል።

ሙከራውን ስትጀምሪ መኪናዋን ከጋራዡ ወደ ደጅ አውጪና ሞተሩን አስነሺ፤ አዲሱን ባትሪ አትጨርሺው፣ በጭስም አትታፈኚ። 88.1 ላይ ምን እንደሰማሽ፣ ኤኤም ላይ ምን እንደሰማሽ ጽፈሽ ያዢና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስደውል አንብቢልኝ። እትዬንና ጎረቤቶቻችንን ሰላም በዪልኝ። ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ።

ሳጥኗ ከተቀየረች አሮጌዋን ሠራተኛው እንዳይጥላት። ወደ ሀዋሳ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ፤ ከፍቼ ምኗ እንደተቃጠለ ማየት እፈልጋለሁ።

ወዳድሽ ልጅሽ