የጂኦግራፊ ክበብ፦ ሁለት የሚጤሱ ፏፏቴዎች

ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው አንድ መንደር ብቻ ነው። ፎየርስ ይባላል፤ በስኮትላንድ ደጋ፣ በሎክ ኔስ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ይገኛል። ጥቅምት ላይ ሐሳቡን ሳቀርብ አባላቱ ቅር አላቸው። ባሕር ዳር ተቀምጠን፣ ጣና ከደጃችን ሆኖ፣ ስለ ሩቅ አገር መንደር ምን እናጠናለን አሉ። ያግባባን የስም ጉዳይ ነው። በመንደሩ ያለው ፏፏቴ በአካባቢው ሰዎች የጥንት ቋንቋ በጌይሊክ የሚጠራበት ስም ትርጉሙ «የሚጤሰው ፏፏቴ» ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ጢስ ዓባይ!» ብላ ጮኸች። እ.ኤ.አ. በ1770 የእኛን ፏፏቴ ያየው ጀምስ ብሩስም ስኮትላንዳዊ ነበርና ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በመልክዓ ምድሩ አለቀ። ሎክ ኔስ ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ 230 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንግሊዝና ዌልስ ያሏቸው ሐይቆች በሙሉ ቢደመሩ የእሱን ያህል ውኃ አይዙም። ተማሪዎቹ ቀጭንና ረጅም ቅርጹን አይተው እንደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መስሏቸው ነበር። ልዩነቱን ለማሳየት ሁለት ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። አንዱን ቆርሼ ግራና ቀኝ ሳብኩት፤ መሐሉ ተከፈተ፤ ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ነው። ሁለተኛውን ቆርሼ ቁራሾቹን ጎን ለጎን አንሸራተትኳቸው፤ ሎክ ኔስ የተኛበት የስኮትላንዱ ታላቅ ሸለቆ ስንጥቅ እንዲህ ነው። በተፈጨውና በደከመው ዓለት ላይ የበረዶ ግግር አልፎ ቦዩን ቆፈረው። ዳቦውም የሚገባውን ክብር አግኝቶ በዚያው ተበላ።

ልባችንን የያዘው ግን ታሪኩ ነው። ገጣሚው ሮበርት በርንስ እ.ኤ.አ. በ1787 ፎየርስን ጎብኝቶ ለፏፏቴው ግጥም ጽፎለታል። ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ የአልሙኒየም ፋብሪካ ተሠራ። ለምን እዚያ? አንድ ተማሪ ከቤቱ ጎኑ የተጎደጎደ የአልሙኒየም ድስት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ጥያቄውን ራሳቸው ፈቱት። አልሙና የተባለውን ነጭ ዱቄት ወደ አልሙኒየም ለመለወጥ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው በሽቦ ሩቅ አይሄድም ነበር። ስለዚህ ዱቄቱ ወደ ውኃው መጣ። ከአየርላንድ ላርን ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1822 በተከፈተው የካሌዶንያ ቦይ አድርጎ በመርከብ ይደርስ ነበር። ሎክ ጋርትና ሎክ ፋራላይን የተባሉ ሁለት ሐይቆች በግድብ ተዋህደው ሎክ ሞር የተባለ አንድ ማጠራቀሚያ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ፏፏቴው ይጎዳል ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ እንዳሉትም ውኃው ቀነሰ። መንደሩ ግን ሥራ አገኘ፤ ለሠራተኞች ቤቶች ተሠሩ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1967 ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረውና 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ብዙ ሰዓት ወሰደብን። ሌሊት የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲቀንስ ከሎክ ኔስ ውኃ ሽቅብ ወደ ሎክ ሞር ይገፋል፤ ፍላጎት ሲጨምር ተመልሶ ይለቀቃል። «ለመግፋት የሚወጣው ኃይል ከሚገኘው አይበልጥም?» ብሎ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጠየቀ። ይበልጣል። ትርፉ ጊዜው ነው፤ ኃይሉ በሚያስፈልግበት ሰዓት መገኘቱ። በዓመቱ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው። በሁለት ባልዲና በጎማ የሠራነው ሞዴል የወላጆች ቀን ዕለት አፈሰሰ፤ አባላቱ ግን በጨርቅ አስረው ማብራሪያቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ።

ግንቦት ላይ ጢስ ዓባይ ወረድን። እዚህም እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ በበጋ ፏፏቴው የሚሳሳው ውኃው ወደ እነርሱ ስለሚዞር ጭምር ነው። በዚያ ቀን በገደሉ ላይ የሚወርደው ከጥቂት ነጫጭ ክሮች አይበልጥም ነበር። ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ድሮ ርጥበቱ እስከ የት ይደርስ እንደነበር በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩን። ተማሪዎቹ ከበቧቸው፤ «እማማ፣ መብራቱስ እናንተ ቤት መቼ ገባ?» ብለው ጠየቁ። መልሳቸው ረጅም ነበር። ሁሉም ደብተራቸውን አውጥተው ቁጭ ብለው ጻፉት፤ ከፎየርስ ካርታ ጎን ተለጥፎ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ይገኛል።