ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ የክላውድ ወርክስፔሳችሁ የድርጅታችሁ እንዲሆን

ድሬዳዋ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩልን፦ የክላውድ (በኢንተርኔት የምትከራዩት ሰርቨር) አካውንታችሁ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው? መልሱ «በባለሙያችን ጂሜይል» ከሆነ፣ በየወሩ የምትከፍሉት እናንተ ብትሆኑም የፓስወርድ መቀየሪያው መልእክት የሚደርሰው ለእሱ ነው። ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሥራ ቢቀይር፣ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢታመም ሰርቨራችሁ በር ተዘግቶበት ይቀራል።

ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ የሁላችሁንም የቡድን ወርክስፔስ በአንድ ሥርዓት እናደራጃለን። ወርክስፔስ የምንለው ቡድናችሁ ክላውዱን የሚያስተዳድርበትን ክልል ነው፦ ማን እንደሚገባ፣ የቱን እንደሚነካ፣ ወጪው የት እንደሚመዘገብ የሚወሰንበት። የምንሠራውንና ምክንያቱን እነሆ።

በመጀመሪያ በድርጅታችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስማችሁ) ላይ የማንም ሰው ስም የሌለበት የኢሜይል አድራሻ እንከፍታለን፤ የሚመጣው መልእክት ለሦስት ሰዎች ይደርሳል። ዋናው አካውንት፣ በአማዞን ሩት የሚባለው፣ በዚህ አድራሻ ይመዘገባል። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዕለት ሥራ ማንም አይገባበትም። አማዞን ለሩት ከፓስወርዱ በተጨማሪ ማንነትን የሚያረጋግጥ እስከ 8 የማረጋገጫ መሣሪያ መመዝገብ ይፈቅዳል፤ እኛ ሁለት እንመዘግባለን፣ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጋር፣ ሌላው ካዝናው ውስጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ወጥመድ አለ። የዶሜይኑ ማደሻ ቀን ካለፈ ኢሜይሉ ይቆማል፤ ኢሜይሉ ሲቆም የፓስወርድ ማስመለሻውም አብሮ ይቆማል። ዶሜይኑ እዚያው ክላውድ አካውንት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ ሒሳብ ሳይከፈል አካውንቱ ሲታገድ፣ የእገዳው ማስታወቂያ የሚመጣበት ኢሜይል ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ዶሜይኑን ሌላ አቅራቢ ጋር አድርገን ለበርካታ ዓመት በአንድ ጊዜ እናሳድሳለን።

ቀጥሎ ሥራ የሚሠራበትን ከሚሞከርበት እንለያለን። በአማዞን በአንድ ኦርጋናይዜሽን ሥር የተለያዩ አካውንቶች፣ በጉግል ክላውድ የተለያዩ ፕሮጀክቶች፣ በማይክሮሶፍት አዡር የተለያዩ ሰብስክሪፕሽኖች ይሆናሉ። ሦስተኛው ክፍል ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) እና ሎግ (ማን መቼ ምን እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ) ብቻ የሚቀመጥበት ነው። ከአሥር ሰው በታች ለሆነ ቡድን ሦስቱ ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ መከፋፈል ሥራ ያበዛል እንጂ አይጠብቅም። ባክአፑ ለብቻው የሚሆነው ዋናውን ማጥፋት የቻለ ሰው፣ ወይም ቁልፉን የሰረቀ፣ እሱንም ጨምሮ እንዳያጠፋው ነው። ሎጉም እንዲሁ ነው። ክላውድትሬይል የሚባለው የአማዞን ሎግ የክስተት ታሪክ የሚያሳየው ያለፉትን 90 ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ራሳችሁ ማስቀመጫ እንዲገለበጥ ካልተደረገ የድሮው በኋላ አይገኝም።

ቴራፎርም (ክላውዱን በተጻፈ ኮድ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ድርጅቶች «ወርክስፔስ» የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ። በቴራፎርም ትእዛዝ የሚፈጠረው «ወርክስፔስ» የስቴት ፋይልን (ቴራፎርም የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ይለያል እንጂ ማስቀመጫውና የመግቢያ ፈቃዱ አንድ ነው፤ መሞከሪያው የተፈቀደለት ሰው ዋናውንም መንካት ይችላል። ስቴቱም በማንም ላፕቶፕ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ የቀድሞ ቅጂዎቹን በሚይዝና አንድ ሰው ሲሠራ ሌላውን በሚቆልፍ የጋራ ማስቀመጫ ላይ ይሁን። እኛ አገር የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። ለውጥ እየገባ ሳለ መብራት ቢጠፋ ቁልፉ እንደተቆለፈ ይቀርና ቀጣዩ ሰው መሥራት ያቅተዋል። በግድ መክፈቻ ትእዛዝ አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ሥራው መቆሙን በስልክ ሳታረጋግጡ አትክፈቱት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጻፈበት ስቴቱ ይበላሻል። የምንመርጠው ለውጡ ከላፕቶፕ ሳይሆን እዚያው ክላውድ ላይ ካለ ማሽን እንዲካሄድ ነው፤ የቢሮው መብራት ቢሄድ እሱ ሥራውን ይጨርሳል።

ስም አወጣጥ ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ግን ያስቸግራል። የጉግል ክላውድ ፕሮጀክት መለያ ከ6 እስከ 30 ፊደል ሲሆን አንዴ ከተሰጠ አይቀየርም። የአማዞን ኤስ-ሦስት የፋይል ማስቀመጫ ስም ከ3 እስከ 63 ፊደል፣ በትናንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥር፣ በነጥብና በሰረዝ ብቻ ነው። ለምሳሌ የሳቢያን ሰፈርን ስም አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ከጻፈ ፍለጋው ግማሹን ያስቀራል። የቅርንጫፎቻችሁን ስም የላቲን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ወስናችሁ ስጡን፤ ከዚያ ውጭ አንጽፍም።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቡድን ነው፦ ባለቤቶች (ሁለት ሰው፤ አንድ ብቻ ፈጽሞ አይሆንም)፣ ኦፕሬተሮች፣ ፕሮግራመሮች፣ ተመልካቾች፣ እና ክፍያን ብቻ የሚያይ ሒሳብ ክፍል። ሰው ሲቀጠር ቡድን ውስጥ ይገባል፣ ሲለቅ ይወጣል። አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው መስጠት ከሁሉም የከፋ ልማድ ነው፤ ስህተት ሲፈጠር ሎጉ አምስቱንም አንድ ሰው አድርጎ ያሳያችኋል። ቁልፍ ወይም ፓስወርድ በቴሌግራም ግሩፕ ከተላከ እንደተሰረቀ ቁጠሩት። መልእክቱን ማጥፋት አይበቃም፤ ቁልፉን በመጀመሪያ ዝጉት፣ ማን እንዳየው በኋላ ትጠይቃላችሁ።

ሁለተኛ ማረጋገጫ በአጭር መልእክት አናደርግም። ጅቡቲ ዕቃ ሊያስወጣ የሄደ ትራንዚተር መልእክቱ ላይደርሰው ይችላል፤ ሲም ካርድም ይቀየራል። የማረጋገጫ መተግበሪያው ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ከተመዘገበው ሚስጥርና ከስልኩ ሰዓት በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያወጣል። ኮዱ ሁልጊዜ «ስህተት ነው» ከተባለ የስልኩን ሰዓት ተመልከቱ። በአገራችን አቆጣጠር እንዲነበብላቸው የስልካቸውን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት የሚያዛንፉ ሰዎች አሉ፤ በእንደዚያ ዓይነት ስልክ ኮዱ ፈጽሞ አይሠራም። ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል አድርጉት፤ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ለብቻው መጫን ይቻላል።

ሰዓት ካነሳን የባክአፕ ቀጠሮም የሚበላሸው በዚሁ ነው። የክላውድ ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ 8 ቁጥርን የጻፈ ሰው ባክአፑ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት ይነሳበታል፤ ሲስተሙም ይንቀራፈፋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ በማታና በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። 12 ሰዓትን እንደ 0 ቁጠሩት። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 2፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 5 ይሆናል። ዩቲሲም የእኛ ሰዓትም በክረምትና በበጋ ስለማይቀያየሩ ይህ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ቀኑን ግን ልብ በሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ ገና ያለፈው ቀን ነው።

ወጪን በተመለከተ፣ የበጀት ማስጠንቀቂያ በ50፣ በ80 እና በ100 በመቶ እንሞላለን። ማስጠንቀቂያ ግን ፍሬን አይደለም፤ በራሱ ሰርቨር አያቆምም። የአማዞን በጀት መረጃ የሚታደሰው በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ስለሆነ መልእክቱ እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡ ሰዓታት ሲፈስ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመሞከሪያው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ማሽን የባለቤት ስም፣ ዓላማና የሚጠፋበት ቀን እንዲጻፍበት እናደርጋለን። ሒሳብ ክፍሎች ደግሞ ይህን ያዙልን፦ የክላውድ ደረሰኝ የሚዘጋው በፈረንጆች ወር መጨረሻ ነው፤ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ሲያልቅ በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ስለሆነ የዚያ ወር ወጪ በሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። ዕለታዊ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ክፈሉት።

ሠራተኛ ሲለቅ ሥራው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። በመጀመሪያ መግቢያውን ማገድ፣ ቀጥሎ ክፍት የሆኑ መግቢያዎቹን ሁሉ ማቋረጥ፣ ከዚያ የፕሮግራም ቁልፎቹን (ፕሮግራሞች ያለ ፓስወርድ የሚገቡባቸውን) መዝጋት ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በአማዞን የአንድን ተጠቃሚ ፓስወርድ ብታጠፉም በስሙ የተሰጠው ቁልፍ መሥራቱን ይቀጥላል። ቁልፉን ስትዘጉ አንዳንድ ፕሮግራም ሊቆም ይችላል፤ ያ ፕሮግራም በሰው ቁልፍ ይሠራ እንደነበር ያወቃችሁት ያኔ ነው፣ የራሱን ፈቃድ ስጡት። አካውንቱን ግን ወዲያው አትሰርዙ። በጉግል ወርክስፔስ የተሰረዘ ተጠቃሚ የሚመለሰው በ20 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ አግዳችሁ፣ ፋይሎቹን ለተተኪው አስተላልፋችሁ፣ ከአንድ ወር በኋላ ሰርዙ።

የመግቢያ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ከእናንተ ጋር ተቀምጠን እንፈትሻለን። ለመጀመሪያው ቀጠሮ የዶሜይናችሁን ምዝገባ፣ የሠራተኞቹን ዝርዝር፣ የክፍያ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና የቅርንጫፍ ስሞቹን ገጽ አዘጋጁ። ሥራው ሁለት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የድሬዳዋ ደንበኞቻችን ዘንድ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንመጣለን፤ ሐረር ላላችሁ ሁለቱን በአንድ ቀን እንጨርሳለን። በዚያ ሰዓት ሁለቱም ባለቤቶች ስልካቸውን ይዘው መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከሌለ የማረጋገጫ ምዝገባውን አንጀምርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል