ኮንግሪቭን ከነትዕይንቱ እናንብበው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ኮንግሪቭ ስለ ሕይወት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ምግባር የጻፋቸው አባባሎች ከትዕይንታቸው ተነጥለው መጠቀሳቸው ያሳዝነኛል። ፍቅር ወደ ጥላቻ ሲለወጥ ቁጣው ከሁሉ እንደሚከፋ የሚናገረው ስንኝ፣ ብዙዎች የሼክስፒር ቢያደርጉትም፣ እ.ኤ.አ. በ1697 ለመድረክ ከበቃው አሳዛኝ ተውኔቱ የተወሰደ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እ.ኤ.አ. በ1700 የቀረበውን «የዓለም መንገድ» የተባለውን አስቂኝ ተውኔቱን ነው፤ በዚያ ሚላማንት የተባለችው ገጸ ባሕርይ ሚራቤልን ለማግባት እሺ ከማለቷ በፊት፣ ስለምትጽፈውና ስለሚደርሳት ደብዳቤ እንዳትጠየቅ፣ ወደ ሻይ ገበታዋም ያለ ፈቃዷ እንዳይቀርብ፣ የትም ብትሆን በሩን ሳያንኳኳ እንዳይገባ ትደራደራለች። ቄሱ ጄረሚ ኮሊየር እ.ኤ.አ. በ1698 የእንግሊዝን መድረክ በብልግና ቢከስም፣ በሳቅ መካከል የመከባበርን ውል ያሳየንን ደራሲ የምግባር ጠላት ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ አባባሎቹን ስታትሙ ተናጋሪው ማን እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደተናገረው አብራችሁ እንድትገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ