«የጨጓራ ነው» የምንለው መድኃኒት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ስትዋሽ ኖራለች። የወንድሜን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት «የጨጓራ ነው» ትላለች። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ኪኒኑ ከስኳር ጣሳው ጀርባ ይደበቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ።

ከዚያ በፊት የምንለው ደግሞ «ጠባዩ ነው» ነበር። ከልጅነቱ ዝምተኛ ስለሆነ ከሰው መሸሹንም፣ እንቅልፍ ማጣቱንም፣ ብቻውን ማውራቱንም በጠባዩ አሳበብን። ዝምተኛ መሆን በሽታ አይደለም። ሰው ድሮ ከነበረው ሲለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን አንድ ነርስ እስኪነግረን ሁለት ዓመት ባከነ።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡታጅራ ላይ 178 የአእምሮ ሕመምተኞች የቤተሰብ አባላት ተጠይቀው ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአራቱ ሦስቱ መገለል ደርሶብናል ብለዋል። ከሦስት አንዱ በላይ ሕመሙ እንዳይታወቅ ይፈልግ ነበር። እናቴን አየኋት። እዚሁ ጎናችን ግልገል ጊቤ የምርምር ጣቢያ አካባቢም 845 ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ማግለሉ በገጠር ይብሳል ይላል። (ከተሜ ነን ብለን ደረታችንን አንንፋ። ሰፈሬ ሂርማታ ላይ «እብድ» ሲባል ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም።)

ጅማ የጥናት ድሃ አይደለችም። መጠይቅ የያዘ ተማሪ ስንቱን በር አንኳኩቷል! ውጤቱ ግን በእንግሊዝኛ ወጥቶ ይቀራል፤ እናቴ ጋ አይደርስም።

እባካችሁ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋገሩና የተገኘውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እድር ላይ አስነግሩልን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባት እንደሚያስረዱት ማለቴ ነው። ቄሱም ሼኹም ይጠሩ። ጠበሉንና ዱዓውን ተዉ ቢባል ማንም አይሰማም፣ መባልም የለበትም። እኛም ጠበል ሄደናል፤ ወንድሜ እዚያ እፎይ ብሏል። ጉዳቱ የመጣው «ኪኒኑን ጣል» ያለው ሰው ሲገኝ ነው።

ሌላም አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕክምና በተራው ጤና ጣቢያ፣ በተራው ነርስና ጤና መኮንን እንዲሰጥ ነው፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። እንግዲያው ክትትሉ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር በአንድ ወረፋ ይሁን። በሩ ላይም «የአእምሮ ሕክምና» ብሎ ለብቻው የሚጮህ ጽሑፍ አይለጠፍ።

ወንድሜ አንድ ቦታ እንዲህ ዓይነት በር ፊት ተቀምጦ ሳለ የድሮ የክፍል ጓደኛው አየው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ ዘለለ። አሁን ወረፋውን የምይዝለት እኔ ነኝ። እሱ ተራው እስኪደርስ ባጃጅ ውስጥ አጎንብሶ ይጠብቃል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የሂርማታ ነዋሪ