ከድንኳኑ በፊት ቦዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ገጠር ውስጥ የድንኳን ማረፊያ ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ከአልጋና ከአንሶላ ይጀምራል። ቦታው አሮጌ የውሃ ወፍጮ ያለበት ከሆነ መጀመር ያለበት ግን ከቦዩ ነው። ድንኳን የትም ይተከላል፤ እንግዳን ከከተማ አውጥቶ ወንዝ ዳር የሚያሳድረው መዘውሩ ሲዞርና ማሽላ ሲፈጭ ማየቱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ገንዘባቸውን ሸራ ላይ ጨርሰው ወፍጮውን ለጌጥ አቁመው የሚተዉት እንዳይበዙ ነው።

ወፍጮው ዕድሜ ያለው ከሆነ ድንጋይም እንጨትም ከመነካቱ በፊት የክልሉን ወይም የከተማ አስተዳደሩን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማነጋገር ያስፈልጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዲጠገን አይፈቅድም። አሮጌውን ግንብ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ፈቃድ ቢገኝም አይመከርም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያፈርሳል፤ የኖራ ልስን ግን ያስተነፍሰዋል።

የውሃው መጠን የሚለካው በነሐሴ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ነው። ቀጥ ያለ የቦይ ክፍል መርጦ 10 ሜትር መለካት፣ ብርቱካን ጥሎ የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት መያዝ፣ ይህንንም አምስት ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድ ነው። ቦዩ 50 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅና ብርቱካኑ በ16 ሰከንድ ቢደርስ፣ ከግርጌና ከዳር የሚጎተተውን ውሃ ታሳቢ አድርጎ ፍጥነቱን በ0.8 ሲያባዙት በሰከንድ 50 ሊትር ያህል ይመጣል። ይህ ውሃ ከ3 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ጉልበቱ 1.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል የሚዞርን መዘውር 1,500 ዙር ከሚፈልግ ዲናሞ ጋር በፑሊና በቺንጋ ሲያገናኙት ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ቀሪው 700 ዋት ለስምንት ድንኳን መብራት፣ ለስልክ መሙያና ለአንድ ትንሽ ፍሪጅ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ ከዚህ መስመር ላይ ፈጽሞ መሰካት የለበትም።

መዘውሩ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ምጣድ ጋደም ብሎ የሚዞረው ከላይኛው ድንጋይ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘ ስለሆነ ጥርስ የለውም፤ ጥገናውም ቀላል ነው። እንደ ጋሪ ጎማ ቆሞ የሚዞረው ግን ጥርሳም መዘውሮች አሉት። የእንጨት ጥርስ ሲበላ እንደ ወይራ ባለ ጠንካራ እንጨት አንድ በአንድ ይተካል እንጂ ሙሉውን ማውለቅ አያስፈልግም። ለዓመታት ደርቆ የቆመ መዘውር ላይ ውሃ በአንዴ መልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው፤ የተሰነጠቀው ሳንቃ ሁሉ ይነቀላል። ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ እያረጠቡና በእጅ እያዞሩ እንጨቱ እስኪያብጥ መጠበቅ ይሻላል። ከዚያ በነፃ ሲለቀቅ ሁልጊዜ አንዱ ጎን ወደ ታች ሆኖ የሚቆም ከሆነ ያ ጎን ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሳንቃውን መቀየር ወይም በትይዩው ክብደት መጨመር ነው። እንዲህ ካልተደረገ ኩሽኔታው በግራሶ ቢሞላም ቶሎ ይበላል። እንግዳ በሌለበት ወቅትም በየሁለት ቀኑ ማዞርና ሌላ ጎኑ ወደ ታች ሆኖ እንዲቆም ማድረግ ያስፈልጋል።

ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ የሚፈጨው የመጀመሪያው ጥቂት ኪሎ ማሽላ የድንጋይ ብናኝ ስለሚይዝ ለሰው አይሆንም። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት መሃሉ ላይ ሰፋ፣ ወደ ዳር እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። እህል ሳይኖር ለእንግዳ ማሳያ ብሎ ማዞር ድንጋይን ከድንጋይ ያፋጫል፤ ብልጭታውም የዱቄት ብናኝ ባለበት ቤት አደገኛ ነው። ለጽዳትም ሆነ ለጥገና ሰው ከመግባቱ በፊት የቦዩ በር ተዘግቶ መዘውሩ በወፍራም አጣና ይታገድ። ጎብኚ የሚቆምበት ጠርዝ 1.10 ሜትር አጥር ይኑረው። ሕፃናት ወደ ውሃው በደረታቸው ተንጠልጥለው እንደሚያዩ መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ወንዝ ዳር ያለው ለም መስክ ለዓይን ያማረ ነው፤ ለመተኛት ግን አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ደራሽ ውሃ ለመምጣት ሰፈሩ ላይ ዝናብ መዝነቡን አይጠብቅም። ስለዚህ ዛፍ ላይ ተሰክቶ የቀረውን ገለባና ቁጥቋጦ ፈልጎ፣ አዛውንቶችንም ጠይቆ፣ ጎርፍ ከደረሰበት ከፍተኛ ምልክት ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ባለ መሬት ላይ መትከል ነው። ቁልቁል ወደ ወፍጮው የሚወስደው መንገድ ይርዘም፤ እንግዳ በዚህ አይቆጣም።

ከውጭ የሚመጣው ክብ ሸራ ለድሬዳዋ ፀሐይ አይሆንም፤ ብቻውን ሲውል ውስጡ ምድጃ ይሆናል፣ ሸራውም ቶሎ ይበሰብሳል። የሶማሌ ሴቶች የሚሠሩት አቃል ለዚህ አየር የተፈተነ ቤት ነው። እንጨቱ በእርጥቡ ይታጠፋል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ከላይ ምንጣፍ ይለብሳል። ለማረፊያ ሲሆን በእንጨቱ ላይ ሸራ፣ ከሸራው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ምንጣፍ ቢደረግ፣ ሸራው ዝናቡን ይመልሳል፤ ምንጣፉ ፀሐዩን ይይዛል፤ በመካከሉ አየር ይመላለሳል። ምንጣፉን የሚሠሩት ሴቶች ክፍያቸውን በቀን ሥራ ሳይሆን በቁራጭ ቢያገኙ ሥራውም ጥራት ይኖረዋል።

ወለሉ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ እግሮቹም ድንጋይ ላይ እንጂ አፈር ላይ አይቁሙ። ምስጥ ባህር ዛፍን ከሥር ይዞ ነው የሚወጣው። አሸዋማ መሬት ላይ ካስማ አይይዝም። በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ቀብሮ ገመዱን ከሱ ማሰር ይሻላል። በድንኳንና በድንኳን መካከል 6 ሜትር ለእሳት ይተው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ እንግዳ የቡናውን ከሰል ወደ ድንኳን ማስገባት ይፈልጋል። ይህ በጥብቅ ይከልከል፤ በተዘጋ ሸራ ውስጥ የከሰል ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ረከቦቱ ውጭ ይቅረብ፣ ለብርድ ደግሞ ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ይጨመር።

ከቦዩ ውሃ ማንም አይታጠብ፣ አይዋኝም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ቀንድ አውጣ ይይዛል፤ ቢልሃርዚያም ከዚያ ይመጣል። የመታጠቢያው ውሃ ቀንድ አውጣ የማያስገባ ክዳን ባለው ሮቶ ሁለት ቀን ይረፍ፤ የመጠጡ ይፈላ። ክዳኑ ለሌላም ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው። በርሜልና ባልዲ በየአምስት ቀኑ ይደፋ፤ አልጋው ሁሉ አጎበር ይኑረው። ሐረር አካባቢ የተረፈ ምግብና ጠፍር ሌሊት ውጭ አይደር፤ ጅብ ለሁለቱም ይመጣል።

የመጨረሻው የገበሬው ተራ ነው። ወፍጮ ውሃ አይጠጣም፤ ሆኖም ውሃውን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ስለሚመልስ በመካከሉ ያለ ማሳ ይደርቃል። ከግንባታ በፊት የመስኖውን ውሃ ለገበሬዎች በተራ ከሚያከፋፍለው ከውሃ አባቱና ከተጠቃሚዎቹ ጋር በቀንና በሰዓት ተስማምቶ በጽሑፍ ማስፈር፣ የቦዩን በር ቁልፍም በውሃ አባቱ እጅ መተው ይገባል። በጥርና በየካቲት መዘውሩ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ሊዞር ይችላል፤ የሚዞርባቸው ቀናት እንግዳው ቦታ ሲይዝ ይነገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከድሬዳዋ